ትኩሳት ያለው ሽቦ

ባለፈው ቅዳሜ አሶሳ ገበያ ካለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገብቼ ለእናቴ ሶላር የሚሆን ባለ ስድስት ሚሊ ወፍራም ሽቦ ስጠይቅ፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያ ያወረደልኝ ቀዩና ጥቁሩ የተጣበቀውን፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነውን የስፒከር ሽቦ ነበር። «እህቴ፣ ለሶላር ይሄ ይበቃል፤ በወፍራሙ ለምን ትከስሪያለሽ?» አለኝ። ሽቦውን እጄ ላይ ሲያኖረው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሱቁ ውስጥ የሚቃጠል ነገር አልነበረም፤ የሸተተኝ ልጅነቴ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለ የቤርታ መንደር ውስጥ ነበር። የቤቶቻችን ግድግዳ ቀርከሃ፣ ጣሪያቸው ሳር ነው። አባቴ ማንጎ ነጋዴ ነበር፤ አንድ ዓመት ንግዱ ቀናውና ሶላር ከነባትሪው ገዝቶ መጣ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ሚኒስትሪ ተፈታኝ። «ይሄ ያንቺ ነው፤ አንብቢበት» ሲለኝ ከኩራዝ ጭስ ልገላገል ነው ብዬ እንደ እብድ ዘለልኩ።

እኛ ዘንድ ግን ጥሩ ነገር መጀመሪያ የእንግዳ ነው። ባትሪው የተቀመጠው አባቴ እንግዳ በሚቀበልበት ጎጆ ውስጥ ሆነ። ከዚያ እኔ ወደማነብበት ወደ እናቴ ቤት አጎቴ ከተበላሸ ቴፕ ላይ የነቀለውን ቀጭን የስፒከር ሽቦ እየቀጣጠሉ፣ በማንጎው ዛፍ በኩል አሳልፈው፣ ቀርከሃው ውስጥ ለውስጥ ሸጉጠው አስገቡት። አባቴ የራሱ ክርክር ነበረው፤ አሥራ ሁለት ቮልት ሰው አይነዝርም፣ የማይነዝር ነገር ደግሞ ወፍራም ሽቦ አያስፈልገውም። ሰው ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

የእንግዳው ቤት ቦግ ብሎ ሲበራ የእኔ አምፖል እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ፊደሉን ለመለየት ደብተሬን አፍንጫዬ ላይ ልለጥፈው ምንም አልቀረኝም ነበር። መንደሩ በሙሉ መድኃኒት አዘዘ። አንዱ ባትሪው ውሃ ጠምቶት ነው ይላል፣ ሌላው ፓኔሉ አቧራ ጠጥቶ ነው፤ እኔም በየማለዳው ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ፓኔል ሳጥብ ከረምኩ። ሽቦውን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ከዚያ ስልኮቹ መጡ። ወርቅ ከሚቆፈርበት የሚመለሰው ሁሉ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይዞ ይመጣል፤ እሱን «ሞልቷል» ብሎ መመለስ ለአባቴ ከማዕድ እንደ ማስነሳት ነበር። የእንግዳው ቤት ሲጣበብ የተረፈው ስልክ እናቴ ቤት ይመጣና በእኔው ሽቦ ላይ ይንጠለጠላል። ፊውዙ ተቃጠለ፤ ቀየሩት፤ ደግሞ ተቃጠለ። በመጨረሻ አባቴ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ በቦታው ሰነቀረበት። ከዚያ ወዲያ ፊውዝ አስቸግሮን አያውቅም።

እናቴ ብቻ ስታልፍ ስታገድም ሽቦውን በመዳፏ ትነካው ነበር፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትነካው ዓይነት። «ይሄ ነገር ትኩሳት አለው» አለች አንድ ቀን። አባቴ ሳቀ። መብራት አይደል እንዴ፣ ታዲያ ምን ሊሆን ነው? እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ረመዳን ገባ። አጎቴ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ቴሌቪዥን አምጥቶ ሴቶቹም ይዩ ብሎ እናቴ ቤት በዚያው ሽቦ ላይ ቀጠላት። አዛን ተብሎ ሰው የማፍጠሪያ ቴምሩን ገና አፉ ሳያደርስ ያ ሽታ መጣ። ዞር ስንል ጭሱ ከቀርከሃው መሃል እየወጣ ነው። እናቴ ተወርውራ ሽቦውን በባዶ እጇ ጨብጣ ከግድግዳው ገነጠለችው፤ የቀለጠው ፕላስቲክ መዳፏ ላይ ተጣበቀ። አጎቴ ሮጦ ባትሪውን እስኪፈታ እሳቱ ሳሩን ይዞ ነበር። እሷን ጎትተን አወጣናት፤ ቤቷንና ደብተሮቼን ማውጣት አልቻልንም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ዓይን ነው» አሉ፤ ሰው ቀንቶብን ነው። ወላሂ፣ ያኔ የተሰማኝ ንዴት እስካሁን አልወጣልኝም። ሚኒስትሪዬን አጎቴ ቤት በኩራዝ አጥንቼ ተፈተንኩ። ፓኔሉን እናቴ ባሚያ ታሰጣበት ጀመር።

ዛሬ እዚሁ አሶሳ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቮልቴጁ ሲያንስ ያንኑ ሥራ ለመሥራት በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ይበዛል፤ ስለዚህ ሽቦው መወፈር አለበት፣ መንገዱ ሲረዝም ደግሞ ይበልጥ። ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ሆኖ ሽቦው ሳይግል ቀድሞ መቃጠል አለበት። ተማሪዎቼ ይህን ፈተና ላይ አሳምረው ይጽፉታል፤ ቤታቸው ሄደው ሶላራቸውን በስፒከር ሽቦ ይቀጥላሉ! ሳርና ቀርከሃው ያው ነው፤ ባትሪው ግን ከያኔው በብዙ ይበልጣል። ስነግራቸው «ቲቸር፣ አሥራ ሁለት ቮልት እኮ አይነዝርም» ይሉኛል፣ ልክ እንደ አባቴ።

ከባለሱቁ ጋር ተጨቃጭቄ ባለ ስድስቱን ገዛሁ። እሁድ ዕለት ባትሪውን እዚያው ዳግም በተሠራው የእናቴ ቤት፣ ፓኔሉን ከደጃፏ አድርጌ፣ በአጭሩ ቀጠልኩት። ፊውዙንም እንደ ሥርዓቱ አስገባሁ። ሲመሽ ክፍሉ ወለል ብሎ በራ። «አልሃምዱሊላህ» አለች እናቴ፤ ብላም ተነሳችና ያን የተጨማደደ መዳፏን ሽቦው ላይ አኖረች።

አስረዳኋት። ወፍራም ነው፣ አይግልም፣ ቢግል እንኳ ፊውዙ ይቆርጠዋል አልኳት። አዎ አዎ እያለች ሰማችኝና ገንፎዋን ስትጨርስ ተነስታ እንደገና ነካችው። «እማ፣ አስተማሪ ነኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። ቀና ብላ አየችኝ እንጂ እጇን አላነሳችም። ያኔ ትኩሳት አለው ስትል እኛ አልሰማናትም፤ አሁን ትኩሳት የለውም ስላት እሷ አልሰማ አለችኝ። ንዴቴ ሳይበርድልኝ ሄጄ እጄን ከእጇ ጎን ሽቦው ላይ አሳረፍኩ።