የተፈታችው በቅሎ

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ የመጀመሪያ ልጄን እስቴ ገጠር ውስጥ ስወልድ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወር ያቺው ልጄ ሐኪም ቤት ስታምጥ ደጅ ቆሜ ስለዋልሁ ግን እንደ አዲስ መጣብኝ።

ምጡ የያዘኝ በኅዳር ነው፤ ሰው ሁሉ አጨዳ ወጥቷል። በሁለተኛው ቀን ጧት አዋላጅዋ እሜቴ ብርቄ ባሌን ደሴን፣ «እስከ ቀትር ካልተገላገለች መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ክሊኒኩ ድሬሰር ዘንድ ትወሰድ» አሉት። በቃሬዛ የሚሸከም ወንድ ስለጠፋ፣ ከወንዝ ማዶ ካሉት አጎቱ ከአያ ታከለ በቅሎ ለምኖ አመጣ። እንደ ተጫነች ደጅ ካለው ወይራ ላይ አሰራት።

በምጥ ጊዜ ባል እቤት አይገባም። ደሴ ከግድግዳው ውጭ ሲመላለስ እሰማው ነበር። ስጮህ ኮቴው ይቆማል፤ ዝም ስል ይቀጥላል።

ረፋዱ ላይ ምጡ ጸናብኝ። በአገራችን ምጥ ሲጸና የታሰረ ሁሉ ይፈታል፣ የተዘጋም ይከፈታል፤ ማሕፀን አብሮ ይፈታል ይባላል። ሴቶቹ መቀነታቸውን ፈቱ፣ ሣጥኑን ከፈቱ። እሜቴ ብርቄ በበሩ ብቅ ብለው፣ «አንተ ደሴ! እዚያ ከምትንቆራጠጥ የታሰረ ካለ ፍታ!» አሉት።

የሚሠራው ነገር አገኘ። ጥጆቹን ፈታ፤ ቀንበሩን ፈታ፤ የጎተራውን አፍ ከፈተ። የራሱን ሱሪ መታጠቂያ እንኳ አልተወም።

ቀትር ሲሆን እሜቴ ብርቄ፣ «በል በቅሎዋን አቅርብ» አሉ።

ውጭ ኮቴው ቆመ።

«ምነው?»

«እሜቴ... ፈታኋት።»

«ማንን?»

«በቅሎዋን። የታሰረ ሁሉ ብለውኝ።»

አንዷን ጎረቤቴን ሳቅ አመለጣት። እኔ ሞቴን አየሁ። ከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በቅሎዋ ኮርቻዋን እንደ ተጫነች ወደ ቤቷ ሄዳለች።

ከኋላ ደግፈው የያዙኝ ሴቶች ክንዳቸው ዝሎ ነበር። እሜቴ ብርቄ፣ «ና ግባ! በቅሎዋን እንደ ፈታህ አሁን ሚስትህን አንተው ያዛት» አሉት።

«ኧረ ወግ አይደለም!» አለች ጎረቤቴ።

«ወጉ ከሞተች በኋላ ይደርሳል።»

ገባ። ከኋላዬ ተቀምጦ አቀፈኝ። ልቡ ጀርባዬን ይደበድበው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የፈራሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጄ ተወለደች። ወዲያው አያ ታከለ አጫጆችን ሰብስበው ቃሬዛ ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። በቅሎዋ ባዶ ኮርቻ ይዛ ስትመጣባቸው ገደል የገባሁ መስሏቸዋል። ደሴ ሱሪውን በእጁ ጨብጦ ወጣ።

«አንተን ደግሞ ምን አገኘህ?» አሉት።

«የታሰረ ሁሉ ይፈታ ተብሎ ነው፣ አያ።»

በዚህ ነገር እስኪሞት ድረስ ስቄበታለሁ።

ባለፈው ወር ግን ልጄ ከተዘጋው በር ውስጥ ስትጮህ እጄን የማሳርፍበት አጣሁ። ደሴ ያን ቀን እንዴት እንደ ዋለ ያኔ ገባኝ። በሳቄ አፈርሁ። ልጄ በሰላም ተገላግላለች፤ የዚያ ሰዓት ጭንቀት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

አማቼ አጠገቤ ይንቆራጠጥ ነበር። «እማማ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«የጫማህን ክር ፍታ» አልሁት።

ለምን ሳይለኝ ጎንበስ አለ። እኔም መቀነቴን ፈታሁ።