ፊውዙን የሚይዝ ሰው

ደንበኞቿ «ያዝልኝ» ይሏታል። ስም አጥታ አይደለም፤ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ቦርዱን ትከፍታለች፣ ፊውዙን ትነቅላለች፣ ከዚያ ዞር ትልና ከቤቱ ሰዎች አንዱን መርጣ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች። «ያዝልኝ። እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ በል። እኔ ራሴ መጥቼ ካልተቀበልኩህ ንጉሥ ቢጠራህ እንዳትነሳ።» ቤቱ አዲስ ከሆነና ፊውዝ ከሌለው ደግሞ ማጥፊያውን ትቆልፍና ቁልፉን ታስይዛለች። የጥርስ ሐኪሙንም፣ የዳቦ ቤቱን ባለቤትም፣ የባንኩን ሥራ አስኪያጅም እንዲሁ አስቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ «እኔ እኮ ስብሰባ አለብኝ» ቢላት፣ «እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ» ብላ አስጨበጠችው። ሰውዬው ስብሰባውን ቦርዱ ሥር ቁጭ ብሎ በስልክ መራው።

ሴት ኤሌክትሪሺያን መቅጠር ለብዙ ሰው አሁንም ግር ይላል። በር ስታንኳኳ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን መሰላል እያዩ፣ «ሰውዬው የታለ?» ይሏታል። «መኪና እያቆመ ነው» ትላለች። ትገባለች፣ ትሠራለች፣ ትጨርሳለች፤ ሰውዬው ግን መኪናውን አቁሞ አይጨርስም። ነገሩ ሲገባቸው ይስቃሉ፤ ስልኳንም ለጎረቤት ይሰጣሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንግዳ ሰው ሁሉ ቀጥሯታል። ያልቀጠሯት የገዛ አባቷ ብቻ ነበሩ።

ሙያውን ያስተማሯት አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ቀኝ እጃቸው ላይ የቀሩት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ብቻ ነበሩ። «ለካቻቢቴ ሁለት ይበቃል፤ የቀሩት ትርፍ ነበሩ» እያሉ ይቀልዳሉ። እንዴት እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ወሬያቸው አጭር ነው። «አንድ ቤት ስሠራ ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። የቤቱ ባለቤት ኳስ በሬዲዮ ሊሰማ ቸኩሎ፣ እኔ ሽቦ ይዤ ሳለሁ፣ በፊውዙ ቦታ የሽቦ ቁራጭ ሻጥ አድርጎ አበራው። አንቺ ፊውዝ ኪስሽ እንዳትከቺ። ሰው አስይዢ፣ የያዘውንም ሰው ቦርዱ ሥር አስቀምጪው።» ሰውዬው ማን እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ «ቸኳይ ሰው ነው» ይሉና ሌላ ጨዋታ ያመጣሉ። ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ፤ ያንን ሰው አንድ ቀን እንኳ በስም ሳይጠሩት።

አባቷ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። ያን ሁሉ ዘመን ተቀምጠው ስለኖሩ ነው መሰል፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንበር ጠላታቸው ሆኗል፤ ሻይ እንኳ የሚጠጡት ቆመው ነው። ቤታቸው ቴሌቪዥን አለ፣ ፍሪጅ አለ፤ ሬዲዮ ግን እሷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የለም። «ሲለፈልፍ ራሴን ያመኛል» ይላሉ። ልጃቸው ይህን ሙያ ስትጀምር የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ቤት ሽቦ እንዳትነኪ!» ከዚያ ወዲህ አምፖል ቢቃጠል እንኳ ሰው ቀጥረው ያስለውጣሉ። እሷም አፍረውብኝ ነው ብላ ደመደመች፤ ሴት ልጄ መሰላል ተሸክማ ሰፈር ለሰፈር ዞረች ብለው። የማያውቋት ሰዎች ክሊኒካቸውን አምነው ሲሰጧት አባቷ አንድ አምፖል ይከለክሏት? አንጀቷን ነበር የሚበላት። ስንት ጊዜ ከወላጆቿ ቤት ወጥታ መኪናዋ ውስጥ አልቅሳለች።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ደወሉላት።

«ፍሪጁ ይነዝረኛል» አሉ፣ ሰው እንደሚያማ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለገብ የኩሽናውን ሶኬት ከለወጠው ጀምሮ። በጨርቅ እየያዝኩ እከፍተው ነበር። ትናንት ጨርቁ እርጥብ ነበር መሰለኝ፣ እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ። አባትሽ በመጥረጊያው እንጨት መትቶ ነው ያላቀቀኝ። እንዳልነገርኩሽ ሁኚ።»

ሁለገብ ማለት ጣሪያም፣ ቧንቧም፣ ቴሌቪዥንም እሠራለሁ የሚል የሰፈሩ ሰው ነው። እውነትም ይሠራል፤ ብቻ እሱ የሠራው ሁሉ ሌላ ሠሪ ይፈልጋል።

እሷ ስትደርስ አባቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መሰላሉን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ማን ጠራሽ?»

«ፍሪጁ።»

«ሌላ ባለሙያ እቀጥራለሁ። ሂጂ።»

«ቀጥረው አይተውታል እኮ፣ አባባ። ትናንት እርስዎ ስለነበሩ እማዬ ተረፈች። ነገ ሱቅ ደርሰው እስኪመለሱስ?»

አባቷ ከበሩ ዘወር አሉላት።

ቴስተሯን ፍሪጁ እጀታ ላይ ብታስጠጋው፣ ኃይል አለ ብሎ ቦግ አለ። መብራት ሳይጠፋ የሚነካ ነገር የለም። ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ፣ ያ የጥንቱ ቦርድ አለ፤ አባቷ እንዳይለወጥ ሃያ ጊዜ የተሟገቱለት። ዋናውን ፊውዝ ነቀለች። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እናቷ ከትናንት ወዲህ ከኤሌክትሪክ ነገር ይሸሻሉ። ከኩሽና ወንበር አመጣችና ቦርዱ ሥር አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይያዙልኝ።»

አባቷ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «ለእኔ አትስጪኝ።»

«ኧረ ፊውዝ አይናከስም!»

«ለእኔ አትስጪኝ አልኩሽ እኮ!» ግድግዳውን ይዘው ቆሙና ቦርዱን አዩት። «ይቺው ናት። አጎትሽ ይሠራ የነበረው ይህንን ቤት ነው። እናትሽ አንቺን ወልዳ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ኳስ ሊጀመር ነው ብዬ... ሽቦውን የሰካሁት እኔ ነኝ። ቸኳዩ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

ጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች። በየእሑዱ አጎቷ ከወንድማቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ምሳ ሲበሉ፣ ማንኪያውን በሁለት ጣት ይዘው ሲቀልዱ፣ አባቷ ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ቀድመው ሲነሱ ታያት። አርባ አንድ ዓመት፣ ዕድሜዋን ሙሉ! ተናደደች፤ አዘነችም፤ የትኛው እንደሚበልጥባት አላወቀችም።

«እኔ እኮ አፍረውብኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«በራሴ ነው ያፈርኩት። አንቺንማ መሰላል ይዘሽ ባየሁሽ ቁጥር እጅ እጅሽን ነበር የማየው። አንድ ቀን ጎድሎ ይመጣል እያልኩ።»

ኩሽናው በር ላይ የቆሙት እናቷ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ያውቁ ነበር፤ ነገሩ የእሳቸው አልነበረምና አልተናገሩም።

ልጅቱ ተነሳች። የአባቷን እጅ ስባ ፊውዙን መዳፋቸው ላይ አኖረች፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈችባቸው።

«እንግዲያው ከእርስዎ የተሻለ ጠባቂ ከየት አመጣለሁ? ይቀመጡ፣ አባባ። እኔ ራሴ መጥቼ ካልተቀበልኩዎት እንዳይነሱ።»

ተቀመጡ።

ሶኬቱን ፈትታ ስታየው ሳቅም ንዴትም መጣባት። ሁለገብ ሽቦዎቹን በናስትሮ በመጠቅለል ፈንታ በፌስታል አስሯቸዋል፤ ፌስታሉ ቀልጦ ኃይል ያለው ሽቦ ከሶኬቱ ብረት ጋር ተነካክቷል። ሰው የሚያድነውን የመሬት ሽቦ ደግሞ «ትርፍ ነው» ብሎ ቆርጦ በሲሚንቶ ደፍኖታል። ግድግዳውን ፈልፍላ አወጣችው፣ ያረጀውን ሽቦ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ስባ በአዲስ ለወጠችው። የሦስት ሰዓት ሥራ ነበር። በመሐል በመሐል «አባባ?» ስትል፣ «አለሁ» ይሏታል። ሻይ ቀረበላቸው፤ በግራ እጃቸው ጠጡ፤ ቀኙ ተጨብጦ ጉልበታቸው ላይ ነው።

ወሬ መቼም እግር አለው፣ ሁለገብ ሰምቶ መጣ። «ጋሼ፣ ሥራዬን አፈረሰችው አሉ! እኔ ስሠራው እንከን አልነበረውም። እስቲ ለአንድ ደቂቃ ሰክተን እንየው፤ አንድ ደቂቃ ብቻ!» አለና ከኪሱ ፒንሳና የሽቦ ቁራጭ አውጥቶ ወደ ቦርዱ እጁን ሰደደ።

ኩሽና ውስጥ እጆቿ ባዶ ሽቦ ላይ ነበሩ።

አባቷ ከወንበሩ አልተነሱም። ሠላሳ አራት ዓመት ያለ ትኬት የተሳፈረውን ሁሉ ባስወረዱበት ድምፅ አንድ ቃል ብቻ ጮኹ። «ውረድ!»

ሁለገብ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወርዶ መንገድ ላይ ተገኘ። እናቷ ከት ብለው ሳቁ፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ሶኬቱን ገጥማ፣ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ኮሪደሩ መጣች። አባቷ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል።

«ጨርሻለሁ፣ አባባ። ይስጡኝ።»

አልሰጧትም። «መጀመሪያ እጅሽን አሳዪኝ» አሉ።

ሁለቱንም ዘረጋችላቸው። በግራ እጃቸው ከአውራ ጣቷ ጀምረው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየያዙ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩ። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ። እሷም አስቆጠረች።

«አሥር» አሉና ፊውዙን መዳፏ ላይ አኖሩት። «በይ አሁን አብሪው።»