አንዱ ሲነሳ የሚዘለለው

ሰው «ሚስትህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲለኝ ድሮ «ኮምፒውተር» ብዬ እገላገል ነበር። እኔ አናጺ ነኝ፤ የሠራሁት ቁም ሳጥን ይታያል፣ ይነካል። እሷ ሌሎች ፕሮግራም የሚጽፉበትን ቋንቋ ከሚቀርጹት አንዷ ናት። ድርሻዋም ብዙ ነገሮች አንድ ላይ የሚቀመጡባቸው መያዣዎች ናቸው። አንዱ መያዣ ነገሮችን በተራ ይደረድራል፣ ሌላው አንድን ነገር ሁለቴ አይቀበልም፣ ሌላው ደግሞ ስም ስትነግረው ዕቃውን ያቀብልሃል። ይህ ዓመታት ይፈጃል? ይፈጃል እንጂ! እራት ላይ ማንኪያ እንደያዘች ፈዛ የምትቀር ሴት ሆናለች።

ያን ሰሞን ያከሳት ክርክር ይሄ ነው። ፕሮግራሙ በተራ የተደረደሩትን አንድ በአንድ እያየ ሲሄድ አንዱን ቢያወጣ፣ ከኋላ ያሉት ወደ ፊት ይጠጋሉ። እሱ ግን መጠጋታቸውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ቦታ ያልፋል፤ በወጣው ቦታ የተተካው ሳይታይ ይቀራል። ሁሉም በሰላም ያለቀ ይመስላል። እሷ «እንዲህ ሲሆን ቋንቋው ቆሞ "ስህተት አለ" ብሎ ይጩህ» አለች። አለቃዋ ደግሞ «የሚጮህ ቋንቋ ማን ይወዳል? ሰዉ ለምዶታል፣ ተይው» እያለ ነዘነዛት።

አባቷ አብረውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው የጨረሱ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ እንኳ የፊደል ግድፈት የሚለቅሙ ሰው ናቸው። አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀረውም ግፊቱ እየጨመረ ስለሆነ ሐኪሙ ሳይዘገይ ሊያያቸው ቀጠረ። ቀጠሮውና ክርክሩ የሚቋጭበት የእሷ ስብሰባ አንድ ቀን ላይ ዋሉ። እኔም ከከተማ ውጭ በር እገጥም ነበር። «ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ልጅ ነኝ እንዴ?» አሏት።

አመሻሽ ላይ ስገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎን ተቀምጣለች።

«እሺ አልኳቸው» አለችኝ። «ቋንቋው እንደ ድሮው ይቀጥል አልኩ። ደከመኝ፣ በቃ።»

«እሰይ፣ ተገላገልሽ!» አልኳት ከልቤ። ሚስቴ እንቅልፍ እንድትተኛ እፈልጋለኋ።

አባባ በሩን ከፍተው ገቡ። ሐኪሙ ምን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«አላየኝም። አልጠሩኝም» አሉ።

«እንዴት አይጠሩህም አባዬ?» አለች።

«ነርሷ አዲስ ናት፤ በወንበር ነው የምትጠራው። እኔ ሁለተኛው ላይ ነበርኩ። "አንደኛ ወንበር" አለች፣ ሰውየው ገቡ፣ ሁላችንም እንደ ልማዳችን አንድ አንድ ወንበር ተጠጋን። ቀጥላ "ሁለተኛ ወንበር" ስትል እዚያ ላይ ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ ተቀምጣለች። እሷ ገባች፤ ነርሷም ወደ ሦስተኛው አለፈች።»

«አንተስ?»

«እኔማ አንደኛው ላይ ነኝ! ሌሎቹ የተዘለሉት ተጨቃጭቀው ገቡ። እኔ ሳይጠሩኝ ምን ብዬ ልግባ? ኋላ ሐኪሙ ሄዷል አሉኝና ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ። ከሁለት ወር በኋላ።»

እኔ ደሜ ፈልቶ ነርሷን እረግማለሁ፤ የባለቤቴ ፊት አመድ መስሏል። «እኔ ዛሬ እሺ ያልኩት ይሄንን ነው» አለችና ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። አንጀቴን በላችኝ።

በማግስቱ አለቃዋ ጋ ደወለች። «የትናንቱን እሺታዬን መልሼ ወስጃለሁ።»

«ተስማምተን አልነበር እንዴ?» ሲላት ይሰማኛል።

«ደክሞኝ ነው የተስማማሁት። አሁንም ደክሞኛል፤ ግን አይሆንም።»

ሥራው በእሷ ምክንያት ዘገየ፣ ባልደረቦቿ አኮረፏት፣ በመጨረሻ ግን ያለችው ሆነ። ቀጠሮውን ለማስቀደም ሐኪም ቤት ደጅ ብንጠና ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን። ቀኑ ሲደርስ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ዓይናቸውን አየ፣ ደግሞ አየ፣ «ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» አለ። ይህን ቃል እስክሞት እጠላዋለሁ።

አሁን ቋንቋው ይጮሃል። አቤቱታውም ይጎርፋል፤ ከእራት በኋላ ለአባባ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው ማንበብ ካቆሙ ከርመዋል። ትናንትም በዛለ ድምፅ አነበበች፦ «"ፕሮግራሜ ድሮ በሰላም ይሠራ ነበር። አሁን በየደቂቃው እየጮኸ አስቸገረኝ" ይላል ይሄኛው።»

አባባ ወደ ድምፅዋ ዞሩ።

«ይጩህ ልጄ» አሏት። «እኔ ዝም ብዬ ምን ተጠቀምኩ?»