የሙላቱ ድመቶችና የፋንቱ ጥማት

ሙላቱ መርሳ ላይ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ነበር። ጠመንጃ የለውም፤ ያለው አንድ ዱላና ሁለት ድመት ነው። ማሽላውን ከሌባ ይልቅ የሚጨርሰው አይጥ ስለሆነ፣ ሥራውን ያስከበሩለት ድመቶቹ ናቸው። አሮጊቷን እሜቴ፣ ወንዱን ቡሬ ይላቸዋል።

ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ወደ ሃምሳ ከተጠጋ በኋላ ነው። መጻፍ ሲችል ግን የሚጽፍለት ሰው አጣ፤ ልጅ አልወለደ፣ ዘመዶቹም እዚያው አጠገብ ሐራና ውርጌሳ የሚኖሩ፣ አፍ ለአፍ የሚያገኛቸው ናቸው። ስለዚህ ስለ ድመቶቹ ይጽፍ ጀመር። ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ ጭኑ ላይ እያስቀመጠ አፍንጫቸውን ይነካል፣ የዓይናቸውን ቆብ ገለጥ ያደርጋል፣ ጎድናቸውን ይዳብሳል። ከዚያ ደብተሩን ያወጣል፦ «ቡሬ ግራ ጆሮው ቆስሏል፤ ቅቤ ቀባሁት።» «እሜቴ ሣር በልታ አስመለሳት።» የማኅበሩ ሰዎች ሲስቁበት ደረቱን ነፋ አድርጎ «ከኔ በሽታ አይደበቅም» ይላል።

ሚስቱ ፋንቱ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ብርቱካንና ፓፓያ ትሸጣለች። ተጫዋች ናት፤ ከመንገደኛው ጋር ስትሳሳቅ ድምጿ መጋዘኑ ድረስ ይሰማል።

በሰባ ዘጠኝ መስከረም እሜቴ ውሃ ማብዛት ጀመረች። ሙላቱ በሁለተኛው ቀን ልብ አለ። ጠዋት የሞላው ጣሳ ቀትር ላይ ባዶ ነው። የሰጧትን ትበላለች፣ ግን ከቀን ቀን ትመነምናለች። ሁሉንም ጻፈው።

በዚያው ሰሞን ፋንቱ «ጉሮሮዬ ደርቆ ሞትኩ፤ እንስራውን እኔ ብቻዬን ሳልጨርሰው አልቀርም» አለችው።

«ሙቀቱ ነው» አላት።

ሌላ ቀን ቀሚሷን ከወገቧ ላይ ሰብስባ ይዛ «እስቲ እየኝ፣ ይሄ ቀሚስ የኔ ነው?» ብትለው፣ «አውቶቡስ ስታሳድጂ እየዋልሽ በምን ትወፍሪ!» ብሎ አለፋት። የጫማ ሚስማር የወጋት እግሯ ከወር በላይ አልሽር እንዳላትም ነገረችው። «ቅቤ ቀቢው» አላት፣ እግሯን ሳያይ።

ኅዳር ላይ እሜቴ መዝለል አቃታት። ሙላቱ ለፋንቱ ሳይነግራት፣ ትቆጣኛለች ብሎ፣ ድመቷን በቅርጫት አድርጎ ከመጋዘኑ በቀጥታ በጭነት መኪና ወልድያ ሄደ። የእንስሳት ሐኪሙ ስዩም የሚባል ወጣት ነው፤ ግቢው በበሬና በበቅሎ ተሞልቷል።

«አባቴ፣ በሬዎ የት አለ?» አለው።

ሙላቱ ቅርጫቱን ከፈተ። ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። ስዩምም ፈገግ አለ፣ ግን እጁን ታጥቦ እሜቴን መረመራት።

«ውሃ ታበዛለች?»

«እጅግ!»

«ትበላለች?»

«ትበላለች፤ ሆኖም አልቃ ሄደች።»

«ሽንቷስ?»

«ኧረ ሌሊቱን ሙሉ በር እየከፈተች…» ብሎ ሙላቱ አቋረጠው። ሌሊት እየተነሣች በር የምትከፍተው እሜቴ አይደለችም።

«ስኳር ሳይሆን አይቀርም። ለድመት የሚሆን መድኃኒት እዚህ የለንም» አለ ስዩም።

«ሰው ላይስ? ሰው እንዲህ ሲሆን?»

«ሰው ከሆነማ ለነገ አይባልም፤ ሆስፒታል ይውሰዱት።»

በማግሥቱ ፋንቱን ይዞ ወልድያ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ እግሯን የጠቀለለችበትን ጨርቅ ፈትቶ ቁስሉን አየ። ከዚያ «ሁለት ወር ቀድማችሁ ብትመጡ ይተርፍ ነበር» አለ። ደሴ ተላከች፤ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ሙላቱ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጠው። የቡሬ ጆሮ አለ፣ የእሜቴ ጣሳ አለ፤ የፋንቱ ስም አንድም ቦታ የለም። ምድጃው ውስጥ ከተተው። እሜቴም ጥር ላይ ሞተች።

ጠያቂ ሲመጣ ፋንቱ አልጋዋ ላይ ቀና ትልና «ሙላቱ ባያውቅልኝ ዛሬ አፈር በልቼ ነበር። ሁኔታዬን አይቶ ነው ያወቀብኝ!» ትላለች። ጎረቤቷ አለሚቱ «እንዲህ ያለ ባል ለሁሉም ይስጥ» ስትል፣ ሙላቱ ውሃ ሊቀዳ የሄደ መስሎ ይወጣል።

የስኳሯን መርፌ መውጋት ተማረ። ማታ ማታ የተረፈውን እግሯን ያጥባል፣ በጣቶቿ መሐል ሳይቀር እያየ። በዕረፍቱ ቀን ብርቱካኗን ይሸጥላታል። አንድ ቀን ልቡ አልችል ብሎት «ፋንቱ፣ ያን ጊዜ ወልድያ የሄድኩት ላንቺ ብዬ አልነበረም» አላት።

«ለማን ኖሯል ታዲያ?» አለች እየሳቀች።

ሳቋን ሲያይ ወኔው ከዳው። «ለማኅበሩ ጉዳይ ሄጄ፣ በዚያው ነው ሐኪም ያማከርኩልሽ» አላት።

«ለሥራ ሄደህም እኔን ማሰብህ!» ብላ እጁን ሳመችው።

በሰማንያ ሁለት ጦርነቱ ሲቀርብና መንገዱ ሲዘጋ መርፌው ጠፋ። ሙላቱ ወልድያ ድረስ በእግሩ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ለፋሲካ እነግራታለሁ ሲል፣ በሕማማት ሰሞን አረፈች።

ለቀስተኛው ሁሉ እንዴት ቀድሞ እንዳወቀላት እያነሣ አመሰገነው። አርባዋ ከወጣ በኋላ ለአለሚቱ ከመስከረሙ ጣሳ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገራት። አለሚቱ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ይሄን ለኔ ነግረህ ምን ይሆናል?» አለችው። «ለሷ ነበር እንጂ።»

«አዎ» አለ ሙላቱ። «ለሷ ነበር።»