ያደረቅሁት ቁስል

ሐምሌ 2006፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። የማካሮኒውን ውሃ ሳጠልል ድስቱ ከእጄ አመለጠና ቀኝ እግሬ ላይ ተገለበጠ። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግሁት። መጀመሪያ የተሰማኝ ቅዝቃዜ ነው። ማቃጠሉ በኋላ መጣ።

አልጮህኩም። የምሠራበት ቤት ማዳም ሳሎን ውስጥ እንግዶች ነበሯት። ወለሉን ወለወልኩ፤ ሌላ ማካሮኒ ጣድኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አየሁት። የእግሬ ጀርባ ላይ ቆዳው እንደ ረጠበ ወረቀት ተነስቷል።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በባዮሎጂ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ስፈልግ ቆይቼ ነው ጅቡቲ ሰው ቤት የገባሁት። ዲግሪ እንዳለኝ ለማንም አልተናገርኩም።

አጠገባችን ባለው ግቢ ወጥ ቤት የሚሠሩ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት አሉ። ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ ኖረዋል። ከኢትዮጵያ አዲስ የመጣች ልጅ ስትታመም መጀመሪያ የምትሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። እኔም በማግስቱ ሄድኩ።

«ምነው ልጄ፣ ሥጋ ጠፋና እግርሽን ቀቀልሽው?» አሉኝ። ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከብስኩት ቆርቆሯቸው ቀይና ጥቁር የአንቲባዮቲክ ካፕሱል አወጡ፤ በጥፍራቸው ፈልቅቀው ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሱት። «አየር ይምታው። ቁስል ሲደርቅ ነው የሚድነው። ፋሻ ምናምን እንዳታደርጊበት፣ ይሸታል።»

ትክክል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ተምሬዋለሁ። ጤነኛ ቆዳ በውጪና በውስጥ ገጹ መካከል ትንሽ ቮልቴጅ ይይዛል። ቆዳው ሲቀደድ ቮልቴጁ በተቀደደበት ቦታ ይወድቅና ከቁስሉ ዳር ወደ መሃል የሚያመለክት የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ዳር ላይ ያሉት ሴሎች ያንን መስክ እየተከተሉ ወደ መሃል ይጓዛሉ፤ ቁስሉን የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ለዚህ ግን እርጥበት ያስፈልጋል። በደረቀ ቁስል ውስጥ የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይዳከማል። ፈተና ላይ ይህንን ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።

«እሺ እትዬ» አልኳቸው። እናቴን በሚያህሉ ሰው ፊት እንዲህ ነው እንዲያ ነው ማለት አልቻልኩም።

ዘጠኝ ቀን ዱቄት ነሰነስኩ። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር እግሬን ቬንቲላተር ፊት ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ቅርፊቱ ጠነከረ፤ እትዬ ብርቄም እያዩ ደስ አላቸው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ቅርፊቱ ጠቁሮ ነበር። ስጫነው ከሥሩ መግል ወጣ። ቀይ መስመር ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ወደ ላይ ሄዷል። የጅቡቲ የሐምሌ ንፋስ ውጪ እንደ እሳት ፊት ይለበልባል። እኔ በረደኝ። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ።

ሐኪም ቤት ያየኝ ዶክተር አዲስ አበባ የተማረ ጅቡቲያዊ ነው፤ አማርኛ ይናገራል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረቀው?»

«እኔ።»

«ያምሻል?»

«በጣም።»

«ጥሩ። እኔን የሚያስፈራኝ የማያም ቁስል ነው፤ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል።»

ቅርፊቱን ቆርጦ አነሳው። ከሥሩ ነጭ ነገር ታየ። ጅማት ነው አለኝ። ጣሪያውን አየሁ።

አምስት ቀን ተኝቼ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ወሰድኩ። ቀዩ መስመር ጠፋ፤ ቁስሉ ግን አልዘጋም። ዶክተሩ ሐሙስ ሐሙስ ቁስሉ ላይ በውስጡ የሚያሳይ ንጹህ ላስቲክ አስቀምጦ የቁስሉን ጠርዝ በእስክሪብቶ ያሰምርበታል። የሦስት ሐሙስ መስመሮች አንዱ ሌላው ላይ አረፉ።

«ጠርዙ ቆሟል» አለኝ። «ሁለት ሐሙስ እንጠብቅ። ካልተንቀሳቀሰ ከጭንሽ ቆዳ ወስደን እንለጥፋለን። እሱም ካልያዘና ኢንፌክሽኑ አጥንት ከገባ፣ ስለ እግርሽ ሌላ ነገር እናወራለን።»

ሌላው ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አውቄዋለሁ።

የጠየቅሁት ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። የተማርኩትን ነገርኩት። ሰማኝና፣ «ታዲያ እያወቅሽ ነው ያደረቅሽው?» አለ።

ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ቁስል ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ አንድ መሣሪያ ነበር። «ተአምር አትጠብቂ» አለኝ ዶክተሩ፤ «አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። ዋናው እርጥበቱ ነው።» ከዚያ በኋላ በየቀኑ በጨው ውሃ የራሰ ፋሻ ቁስሉ ላይ ይደረግና አንዱ ኤሌክትሮድ በላዩ፣ ሌላው ባቴ ላይ ተለጥፎ፣ ጉንዳን የሚሄድብኝ የሚመስል ስሜት እየተሰማኝ፣ ከመስኮቱ ማዶ ወደ ወደቡ የሚወርዱትን የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች እያየሁ እቀመጥ ነበር። እነዚያ በዓይን የማይታዩ ሴሎች መንገዱን አሁን አግኝተውት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በሁለተኛው ሐሙስ ዶክተሩ ላስቲኩን ወደ ብርሃን አነሳው። አዲሱ መስመር ከአሮጌው ውስጥ ነበር፤ በሩዝ ፍሬ ስፋት።

«ገብቷል» አለ። አለቀስኩ።

መሣሪያው ይሁን እርጥበቱ፣ ወይስ ሁለቱም፣ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ዶክተሩን፣ ፋሻዬን ሳይሰለቹ የቀየሩልኝን ነርሶች፣ ቦታዬን ለሌላ ሰው ያልሰጠችብኝን ማዳምን አመሰግናለሁ። እንደ እኔ ለተቃጠላችሁ የምለው ይህ ነው፦ ወዲያው በሚወርድ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ሃያ ደቂቃ ያህል አብርዱት። ዱቄት አትነስንሱበት። በንጹህ ነገር ሸፍናችሁ ለሐኪም አሳዩት። ኤሌክትሪክ ያልኩትን ሰምታችሁ ቤት ውስጥ በባትሪ እንዳትሞክሩ። ደግሞ የምታውቁትን ተናገሩ። እኔን ለዚያ ሁሉ የዳረገኝ ዝምታዬ ነው።

ጠርዙ መግባቱን ባየን ማግስት ዓርብ ነበር፣ የእረፍት ቀኔ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እያነከስኩ ካርቲዬ ሁለት ወደሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ብርቄ የእረፍት ቀናቸውን ወደሚያሳልፉበት የኪራይ ቤት ሄድኩ። የምለውን መንገድ ላይ አሥር ጊዜ ደግሜዋለሁ። ለሌላ ልጅ ዱቄት እንዳይነሰንሱ የካፕሱሉን ቆርቆሮ እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው።

«ውይ፣ ደግሞ ዶክተር ሆንሽብን?»

«አልሆንኩም እትዬ። ያኔ መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩትን ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ማድረቁ እግሬን ሊያስቆርጠኝ ነበር።»

እትዬ ብርቄ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ግራ እግራቸውን ዘረጉ። ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ቅርፊት አለ፤ ዱቄት ተነስንሶበታል።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ካንቺ በፊት ነው። ምን ያስደነግጥሻል? ምንም አያመኝም እኮ።»

ዶክተሩ ስለማያም ቁስል ያለኝ ትዝ አለኝና ቆርቆሮውን ረሳሁት። ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን ከአልጋው ሥር አወጣሁ።

«ነጠላዎን ይደርቡ እትዬ» አልኳቸው። «ድንገተኛ ክፍል ዓርብም ክፍት ነው። አሁኑኑ እንሄዳለን።»