አፉን የደፋ ቀለሃ

ከአስቤዛ ዝርዝርና ከስልክ መልእክት በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው። ይህን ግን በአፌ ልናገረው ስሞክር ስለማይሆንልኝ ልጽፈው ነው።

ሻርሎይስ በሚባል ሰፈር የአንድ ሆላንዳዊ ሽማግሌ ቤት በየሳምንቱ ሐሙስ አጸዳለሁ። ሰውየው ሚዳቋ አዳኝ ናቸው። ጥይት ከሱቅ አይገዙም፤ ጓሮ ባለችው ክፍል ራሳቸው ይሠሩታል። የተተኮሰውን ቀለሃ አጥበው ከሥሩ አዲስ መለኮሻ ይገጥሙለታል፣ ባሩድ በሚዛን ለክተው ይሞሉታል፣ የጥይቱን እርሳስ አፉ ላይ ተጭነው ይደፍኑታል። ከዚያ ተኩስ ሜዳ ወስደው ይሞክሩታል። ጆሯቸው በተኩስ ብዛት ደክሟል፤ የእኔ ድምፅ ደግሞ ከጉሮሮዬ አይወጣም።

«ጮክ በይ እንጂ፤ ከአይጥ ጋር የማወራ አስመሰልሽኝ» ይሉኛል።

ዲመን በምትባል ሌላ ከተማ ያለችው እህቴ ስትደውል ምክሯ አንድ ነው። «ካልጠየቁሽ አትናገሪ። ሁለት ቤት ቅሬታ አቅርቦብሻል፤ ሦስተኛው ከተጨመረ የቀጠረሽ የጽዳት ቢሮ ያሰናብትሻል።»

አንድ ሐሙስ እሳቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው ሳለ ጠረጴዛቸውን ወለወልኩ። ቀለሃዎቹ የእንጨት መደርደሪያው ላይ ቆመዋል፤ አራቱ ብቻ አፋቸው ተደፍቷል። የተደፋ ብርጭቆ እንደማቃና አቃናኋቸው። ሁሉም በአንድ መስመር ሲቆሙ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ስመጣ ጥይቶቹ ተደፍነው ሣጥን ውስጥ ገብተዋል። ሽማግሌው ወደ አደን ሊወጡ ጃኬታቸውን ለብሰዋል። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ባዶ ቀለሃ ተደፍቶ ስላየሁ ላቃና እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው፤ አፉን የደፋው ባሩዱን ገና አልበላም ማለት ነው። ያንጋጠጠው በልቷል።»

እጄ እዚያው ቀረ። «ሳይበላ ቢደፈንስ?» አልኩ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«መለኮሻዋ ብቻዋን እርሳሱን የጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ተከታዩ ጥይት መውጫ ያጣል። ከዚያማ ብረቱ ፊቴ ላይ ይፈነዳል፤ ቆንጆነቴም ያከትማል» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። የእህቴን ምክር አሰብኩ። በቀስታ ተናገርኩ፤ አልሰሙኝም። ሣጥኑን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እንደገና ተናገርኩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቁልፋቸውን ይፈልጉ ነበር። በሩን ሲከፍቱ ጮህኩ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ጮኼ አላውቅም።

«የተደፉትን ያቃናኋቸው እኔ ነኝ። አራት ነበሩ።»

አልተቆጡም። በሩን ዘግተው ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ሚዛኑን አበሩ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ መዘኑ፤ ከሌሎቹ የቀለለውን ለብቻው አስቀመጡ። መወልወያዬን እንደያዝኩ ቆሜ አያለሁ። አንድ። ቆይቶ ሁለተኛው። ሣጥኑ ሊያልቅ ሲል ሦስተኛው። ከዚያ ሣጥኑ አለቀ።

«አራት ነበሩ» አልኩ።

ሁሉንም እንደገና መዘኑ። ሦስት።

ሚዛኑን አጠፉት። በሩ አጠገብ የተደገፈውን ጠመንጃ ከነማኅደሩ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ አልነኩትም።

«ከእነዚህ ትናንት አምስት ሞክሬ ነበር» አሉኝ። «የመጨረሻዋ ድምፅዋ አነሰኝ። ጆሮዬ ነው ብዬ ጠመንጃውን ሳልወለውል ማኅደሩ ውስጥ ዘጋሁት።»