ስፖንጁ ወይስ ቆዳው

አሊዪን ሁለት ነገር አስይዞ አንዱን ምረጥ ማለት ግፍ ነው። ሮቤ ገበያ ዳር ያለችውን የካሴት ቤቱን በር አረንጓዴ ልቀባው ሰማያዊ ሲል ሁለት ክረምት አለፈ፤ በሩም ሳይቀባ ቀረ። ጫማ ሊገዛ ጎባ ሄዶ፣ የግራ እግሩን በአንዱ የቀኙን በሌላው ሲለካ ውሎ፣ ባሮጌው ጫማ ተመለሰ። አርባ ዓመት ሞልቶት ሚስት አለማግባቱም ሴት ጠልቶ አይደለም። ክፉ ሰው አይደለም እንጂ፣ እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቱን ያቃጥላል።

ሥራው ግን የተከበረ ነበር። ያኔ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ልጁ ጅዳ የሄደበት ወይም ሰሜን የዘመተበት ሰው ደብዳቤ የሚደርሰው በወረቀት ብቻ አልነበረም፤ በካሴትም ነበር። ቴፕ የሌለው ሰው ካሴቱን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይመጣና አሊዪ ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የልጁን ድምፅ ይሰማል። ችግሩ፣ ተራ የሚጠብቀውም አብሮ መስማቱ ነው። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ከጅዳ «ያጫችሁልኝን ልጅ አላገባም» ሲል፣ የልጅቱ አባት ከናቱ ጎን ተቀምጠው ነበር። አሊዪ ሁለቱን ገላግሎ ሲያበቃ የጆሮ ማዳመጫ ሊገዛ ማለ።

ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ይሄኛው የልቡ ነው። ከሱ ሱቅ ቀጥሎ፣ በሳንቃ ግድግዳ ብቻ ተለይታ፣ ጁሀራ ቅመም ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗታል። ደንበኛ ሲከራከራት ትስቃለች፤ አሊዪ ያንን ሳቅ ከሰማ ያን ቀን ምሳ ባይበላም ግድ የለውም። አሁን ግን ወንድሟ ዘይነዲን ጎሮ ላይ ሰፋ ያለ ሱቅ አገኘላትና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በገበያው ቀን መኪና ይዞ መጥቶ ዕቃዋን ሊጭን ቀጠሮ ያዘ። ሽማግሌ እንዳይልክ፣ እምቢ ካለች ሮቤ ሙሉ ይሰማል። ራሱ እንዳይጠይቃት፣ ፊቷ ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። ሰው በካሴት ሲሆን የማይናገረው ነገር እንደሌለ ግን በሥራው ያውቃል። ስለዚህ አንድ ማለዳ፣ ጁሀራ ሱቋን ሳትከፍት፣ በሩን ዘግቶ በለሆሳስ ቀዳላት። «ጁሀራ፣ እኔ አሊዪ ነኝ» ብሎ ጀምሮ «ጎሮ ከሄድሽ እኔም ቴፔን ተሸክሜ እከተልሻለሁ» ብሎ ጨረሰ። የቀረው ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጎ፣ ማንም ሳይሰማ ማሰማት ነበር።

ከጊኒር ዕቃ የሚያመጣው መሀመድአወል ግን ደግ ያደረገ መስሎት በሰውየው ላይ መከራ ጫነበት። አንድ ሲባል ሁለት ይዞ መጣ። «ሞክርና የወደድከውን አስቀር፤ ሌላውን በሚመጣው ገበያ ሳልፍ እወስዳለሁ» ብሎት ሄደ።

ሁለቱ ማዳመጫዎች መንትያ ይመስላሉ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ከውጭ በኩል፣ ጆሮ ላይ በሚያርፈው ክዳን ጀርባ፣ እንደ ወንፊት በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሱ። ልዩነታቸው ጆሮ በሚነካው በኩል ነው፤ አንዱ ስፖንጅ ነው፣ አንዱ ቆዳ። አሊዪ ወንበሩን ከሳንቃው አስጠግቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ሥራ ጀመረ።

መጀመሪያ የሞከረው በቀበሌው ሊቀመንበር የስብሰባ ንግግር ነው። በቆዳው ሲሰማ፣ ሊቀመንበሩ በየመፈክሩ መሀል ምራቃቸውን ሲውጡ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል። በስፖንጁ ሲሰማ ግን ድምፅ ሁሉ ይለሰልሳል፤ ሊቀመንበሩም ሳይቀሩ ደግ ሰው ይመስላሉ። ምቾት ከተባለ ስፖንጁ ያደረጉት አይመስልም። ቆዳው ጭንቅላት ይጨምቃል፣ ጆሮ ያሞቃል፤ ታዲያ በሮቤ ብርድ የጆሮ መሞቅ ጉዳት ነው ወይስ ጥቅም? አሊዪ በዚህ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ።

ከዚያ የራሱን ካሴት ከተተ። በለሆሳስ የቀዳው ስለሆነ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ አንዴ በስፖንጁ አንዴ በቆዳው፣ ደግሞ በስፖንጁ፣ «አሁን ቆዳው፣ አሁን ስፖንጁ» እያለ ለራሱ እየተናገረ፣ ከጧት እስከ ማታ ይሰማ ጀመር። በቆዳው ድምፁ የሚንቀጠቀጥ መሰለውና ፈራ። በስፖንጁ ጎልማሳ ሆነ፤ ግን ትንሽ እንቅልፍ የመጣበት ጎልማሳ።

የሰው ምክር ይሻላል ብሎ፣ ልጃቸው ሰሜን ለዘመተባቸው ለእትዬ ማሚቱ ካሴታቸውን በሁለቱም አሰማቸው። የቆዳው ማዳመጫ ዘንግ ሹሩባቸውን ስለያዘው ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደ።

«እትዬ ማሚቱ፣ የትኛው ይሻላል ይላሉ?»

«በሁለቱም ውስጥ ያለው ያው ልጄ ነው» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ምኑን ነው የምመርጠው?»

በማግስቱ እትዬ ማሚቱ ደግመው ሊሰሙ ሲመጡ፣ ጁሀራ የሱፍ ካልሲ ይዛ ገባችና «ለልጅዎ ይላኩለት፤ ምሽጉ ውስጥ እግሩን በረደው አይደል» አለቻቸው። አሊዪ የሮቤ ወሬ እንዴት ይፈጥናል ብሎ ተገረመ። ከዚያ በላይ አላሰበም።

ደግሞ አንድ ነገር አስደሰተው። በነዚያ ቀዳዳዎች የውጭ ድምፅ ይገባል። ማዳመጫውን አድርጎ እንኳ ጁሀራ ኮረሪማ ስትወቅጥ፣ ደንበኛ ስትሸኝ ይሰማታል። በቆዳው በኩል የሙቀጫው ድምፅ ጥርት ብሎ ስለሚመጣ ይህንንም ለቆዳው ቆጠረለት። ሰሞኑን ሙቀጫው መሀል ላይ ቀጥ እያለ ዝም እንደሚል አስተውሏል። ደክሟት ይሆናል ብሎ አዘነላት።

እንዲህ ሲል የገበያው ቀን ደረሰ። የዘይነዲን መኪና ጁሀራ ሱቅ ፊት ቆማ ተሸካሚዎች ጆንያ ይጭናሉ። መሀመድአወል ደግሞ አሊዪ በር ላይ ቆሞ ይነዘንዛል።

«ያ አሊዪ፣ በአላህ፣ አንዱን ስጠኝና ልሂድ!»

«ቆዳው ጥርት ያለ ነው፤ ግን ሻሿን ይጨምቅባታል።»

«የማንን ሻሽ?»

አሊዪ ዓይኑ መኪናው ላይ ነው። አራተኛው ጆንያ ሲወጣ አየ። ሁለቱንም ማዳመጫ በሁለት እጁ እንደያዘ በር ላይ ወጥቶ ተጣራ።

«ጁሀራ! ካሴት መጥቶልሻል። ሳትሄጂ ስሚው።»

ጁሀራ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ከማን ነው አላለችም። ሁለቱን ማዳመጫዎች አየት አየት አደረገች።

«በቆዳው ይሁን» አለች።

«እ?»

«ቆዳው ይሻላል። በስፖንጁ ስታዳምጥ ‹ጎሮ ከሄድሽ› ካልክ በኋላ ያለው ይድበሰበስብኛል። በቆዳው ሲሆን ግን ‹ቴፔን ተሸክሜ› የምትለዋ ጥርት ብላ ነው የምትደርሰኝ።»

መሀመድአወል ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የመሄዱ ነገር ተረሳ።

አሊዪ ወንበሩን አየ፣ ሳንቃውን አየ፣ ከዚያ በእጁ ያሉትን ቀዳዳዎች አየ። ድምፅ የሚገባበት ቀዳዳ ድምፅ እንደሚያስወጣ ያን ጊዜ ገባው። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ስንት ጊዜ ሰማሽው?»

«ወላሂ፣ ቁጥር የለውም። መጀመሪያ ቀን ሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን ሙቀጫዬን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ንድድ አለኝ። በቀን ሃያ ጊዜ የሚጠይቀኝ ሰው አንድ ቀን እንኳ በበሩ ዞሮ አይመጣም? ወንድሜን ምን ብዬ ላስቀረው? ግድግዳው አግቢኝ አለኝ ልበለው?»

አሊዪ ማዳመጫዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካሴቱ ላይ ያለው ያማረ ቃል ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«አትሂጂ» አለ። ድምፁ በቆዳውም በስፖንጁም እንዲህ አስቀያሚ ሆኖ አያውቅም። «ጁሀራ፣ አትሂጂብኝ። እኔን አግቢኝ።»

ጁሀራ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስንት ቀን ሙሉ የጠበቀችው ይህችኑ ነበር።

«ሽማግሌ ትልካለህ» አለች። «በእግራቸው ይምጡ። ካሴት እንዳታስይዛቸው።»

ከዚያ ወጥታ ወደ መኪናው ተጣራች፤ «ዘይነዲን፣ አውርዱት!»

«ማል ታኤ?» አለ ወንድሟ ከላይ ሆኖ፣ ምን ተፈጠረ ብሎ።

«አራቱንም አውርዱት አልኩህ።»

ዘይነዲን ስለ ቤንዚኑ እያጉረመረመ ማውረድ ጀመረ። አሊዪ ሮጦ የጥቁር አዝሙዱን ጆንያ ተቀበለና ትከሻው ላይ ሳያስተካክለው ብናኙ አፍንጫው ገባ፤ አነጠሰና «አልሐምዱሊላህ» አለ። ጁሀራም ገበያተኛው ሁሉ እያየ፣ ጮክ ብላ «የርሐሙከላህ፣ አላህ ይማርህ» አለችው።